ባሌ አገር ሲለምድ

ከቡልጋሪያ ስመለስ ባል ይዤ መጣሁ። አብረውኝ የተማሩት አንዱ ቴፕ፣ አንዱ የልብስ ስፌት መኪና፣ አንዱ ደግሞ አኮርዲዮን ይዘው ሲገቡ፣ እኔ ያመጣሁት አንድ ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ፣ በልቡ ያለውን በአፉ ከመናገር ሌላ የማያውቅ መሐንዲስ ነበር። እሱ በአውሮፕላን ማረፊያው የዕቃ መጋዘን የማቀዝቀዣ መሣሪያ ለመትከል የሁለት ዓመት ውል ነበረው፤ እኔ በአንድ መድኃኒት ቤት ተመደብኩ።

ሰው ሁሉ እኔን አገሯ ገባች፣ እሱን እንግዳ ነው ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም እንግዶች ነበርን። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባን የማውቃት ወደ ሶፊያ ስሄድ ፓስፖርቴ እስኪደርስ ዘመድ ቤት በተቀመጥኩበት አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ታክሲ ከየት እንደሚያዝ፣ ስኳር ወደ ቀበሌ ሱቅ መቼ እንደሚመጣ፣ በሰዓት እላፊ ምክንያት መቼ ቤት መግባት እንዳለብን ሁለታችንም እኩል ነበር የማናውቀው። ልዩነቱ፣ እሱ ሲሳሳት ሰው ይስቅለታል፤ እኔ ስሳሳት ግን «ይቺ ደግሞ የት ነው ያደገችው?» ይባላል።

ቤታችን ከቦሌ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ መንግሥት ያከራየን ግቢ ነበር። ከአጥሩ ጀርባ ያኔ የጤፍ ማሳ ነው፤ ከማሳው ወዲያ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር የጓዳ ብርጭቆዎቻችን ይንቀጠቀጣሉ። የቀበሌው ሰዎች ባሌን «የወዳጅ አገር ዜጋ» ብለው መዘገቡት። ጎረቤቶቻችንን ያስፈራቸው ይኸው ነበር። በዚያ ዘመን መንግሥት ወዳጄ ከሚለው ሰው ጋር መቀራረብ የሚፈልግ አልነበረም። ከሩቅ እጅ ነስተውን በራቸውን ይዘጋሉ። ፈርተው እንደሆነ ስለማውቅ አልፈርድባቸውም፤ ቢሆንም ይከፋኝ ነበር።

አጥር የምንጋራቸው አዛውንት ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ የደፈሩን። ሰውዬው ከባቡር ድርጅት ጡረታ የወጡ፣ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ነበሩ፤ እሳቸውን ጋሼ፣ ሚስታቸውን እትዬ እንላቸዋለን። በመጀመሪያው ፋሲካ ጠሩን። እትዬ ራሳቸው እያጎረሱ «እንዴት ነው ልጄ፣ ይጣፍጣል?» ብለው ባሌን ጠየቁት። እሱም አፉ ውስጥ ያለውን ውጦ፣ ቀና ብሎ፣ «ጨው በዝቷል» አላቸው። «ጨው» የምትለዋን ቃል ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ባላስተማርኩት ብዬ ተመኘሁ። እትዬ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን እስከ ዓይናቸው አልደረሰም።

ከዚያ ደግሞ ጋሼ ታመሙና ልንጠይቃቸው ሄድን። ቤቱን የሞላው ሰው ተራ በተራ «ዛሬስ ፊትዎ ወዝ አግኝቷል» ይላቸዋል። የኛ ሰውዬ ትክ ብሎ አይቷቸው በራሱ ቋንቋ «ካለፈው ሳምንት ብሶባቸዋል፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ» አለኝ። እኔ ምን ላድርግ፣ «በጣም ተሽሎዎታል ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። የያዛት አማርኛ ለዚህ አላነሰችውም። «እንደሱ አላልኩም» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ከራት በኋላ ማስተማር ጀመርኩ። እንዴት ነህ ሲሉህ፣ ጥርስህን ቢያምህም ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን በል። ብላ ሲሉህ፣ ቢርብህም በልቻለሁ በል፤ ሲለምኑህ ብላ። የታመመ ሰው ተሽሎታል፤ አዲስ የተወለደ ልጅ ያምራል፤ ወጥ ሁልጊዜ ይጣፍጣል። እንደ ማሽን መመሪያ በጥሞና ያዳምጠኛል።

«ሰሚው እውነት እንዳልሆነ ያውቃል?» አለኝ አንድ ቀን።

«ያውቃል።»

«ተናጋሪውስ?»

«እሱም ያውቃል።»

«ታዲያ ለማን ነው የሚባለው?»

«አብሮ ለመኖር ነው» አልኩት፤ ራሴንም አላሳመንኩ።

እንዲህ የምደክመው ለወግ ለማዕረግ ብዬ አልነበረም። ሰፈሩ ፊት ከነሳው፣ ውሉ ሲያልቅ ባሌ አገሩ እንደሚገባ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ተከትዬው ልሂድ ብል የመውጫ ቪዛ የሚሰጠኝ የለም። ቢሰጠኝስ እንዴት አድርጌ እሄዳለሁ? ደሴ አባቴ አለ። ሶፊያ ሆኜ ማግባቴን ስነግረው አንዲት ቃል አልመለሰልኝም። ወደ አገሬ እንደተመለስኩ በታላቅ ወንድሜ በኩል ሽማግሌ ላክሁበት። የመጣልኝ መልስ ይህ ነበር፦ «ባሏ ፈረንጅ መሆኑ አይደለም የከፋኝ፤ አላማከረችኝም። አሁን ላያት አልፈልግም። የወለደች ዕለት ልጇን ይዛ ትምጣ፤ ያኔ ከነባሏ እመርቃታለሁ።» ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ሳቅሁም አለቀስኩም። አባቴ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶልኛል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የኔ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፦ መውለድ፣ ልጄን አቅፌ ባሌን አስከትዬ ደሴ መግባት።

ባሌ እንደምንም ለመደ። በልቻለሁ ማለት ቻለ። ወጡን ሳይቀምስ «ይጣፍጣል» እስኪል ድረስ ቻለበት። ጋሼ ሲያገግሙ እድር እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ። በስብሰባው ላይ አንዱ ተነስቶ «ፈረንጅ ቢሞት አስከሬኑ አገሩ ነው የሚሄደው፤ እድር ምን ያደርግለታል?» ብሎ ተቃወመ። ጋሼ «ሚስቱ ብትሞትስ? እሷን ወዴት ልትልካት ነው?» አሉት። ሰው ሳቀ፤ እድሩ ውስጥ ገባን።

የመጀመሪያው ለቅሶ የመጣ ቀን ባሌ የድንኳኑን ቋሚ ብቻውን ተሸክሞ ወጣ። ለቅሶ ቤት ደግሞ አግዳሚው ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ ዝምታ አልቸገረውም፤ ሽማግሌዎቹ ወደዱት። አንድ ጊዜ በአገሩ ሞት እንዴት እንደሚነገር ጠየቁትና እኔ ተረጎምኩ። ሰው ሲሞት ፎቶግራፉና ስሙ በወረቀት ታትሞ በዚያው ቀን በግቢው በር፣ በመንገድ ዳር ዛፍና በስልክ እንጨት ላይ ይለጠፋል አላቸው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ክው አለ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ልጁ ከሥራ ሲመጣ የአባቱን ሞት በር ላይ ያነበዋል ማለት ነው?» አሉ። ባሌ «አዎ፤ ያነበዋል» አለ። እሱም በተራው የኛ ነገር አልገባውም፤ መርዶ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ሰው ዘመዱ ሞቶበት እያለ ጎረቤቱ ሁሉ አውቆ እሱ ብቻ ሳያውቅ እንደሚያድር ሲነግሩት ወደኔ ዞሮ «ይቀልዳሉ?» አለኝ።

እኔ እንዳረገዝኩ የማታው ትምህርት ወደ ሌላ ልምምድ ተለወጠ። አባቴ ፊት ሲቀርብ የሚለውን እናጠና ጀመር። እኔ አልጋ ጫፍ ላይ እንደ አባቴ ኮስተር ብዬ እቀመጣለሁ፤ እሱ ከበሩ ይገባል፤ ዝቅ ብሎ ጉልበቴን ይስማል፤ «ጤና ይስጥልኝ አባባ፤ ይቅር ይበሉን» ይላል። «ጤ» የምትለዋ እያስቸገረችው «ቴና» እያለ ያስቀኛል። ሆዴ ገፍቶ ስለነበር መሳቁም ያደክመኛል።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ድንኳን ይጠገናል ብለው በአጥሩ በኩል ጠሩት። የኋላ ኋላ ያወቅሁትን እዚሁ ላይ ልንገራችሁ፤ ድንኳን የሚጠግን ሰው አልነበረም። ከደሴ በአውቶቡስ የመጣው ወንድሜ እነጋሼ ሳሎን ተቀምጧል። አባቴ በድንገት ሞቶ ተቀብሯል። ወንድሜ እንደ ወጉ መጀመሪያ ወደ ጎረቤት ሄዶ ነው የነገረው። እትዬ «ወሯ ገብቷል፤ አሁን ብትሰማ እሷንም በሆዷ ያለውንም እናጣለን፤ ትውለድና ትጥና» አሉ። ባሌ ይህን ሲሰማ ሊነግረኝ ብድግ አለ። ጋሼ እጁን ይዘው አስቀመጡት።

«ቁጭ በል ልጄ። የኛ ሰው መርዶ ብቻውን አይናገርም።»

«ብትጠይቀኝስ?» አላቸው።

«ደህና ነው በላት።»

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ባሌ ፊቱን ታጥቦ፣ ጸጉሩ እንደራሰ ገባ። «ድንኳኑ ተጠገነ?» አልኩት፤ «ተጠገነ» አለኝ። ራት ላይ ሆዴን አመመኝ አለና አልበላም። እኔ የሰውዬው ነገር ስላላማረኝ ላዝናናው ብዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና «በል እንለማመድ» አልኩት። ከዚያ ወደ በሩ ሄደ፤ ተመልሶ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመና «ጤና ይስጥልኝ አባባ፤ ይቅር ይበሉን» አለ። «ጤ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተካክሎ ጠራት። አጨበጨብኩለት።

ከዚያ በኋላም እስክወልድ ድረስ ብዙ ማታ ተለማመድን። ያየሁት ለውጥ ቢኖር ደግ መሆኑን ነው። ከሥራ በጊዜ ይገባል፤ እትዬም በየቀኑ አጥሚትና ገንፎ ይዘው ይመጣሉ፤ ሰላምታቸው ከሩቅ የነበረው ሴቶች ሳይቀሩ ደጄን መርገጥ ጀመሩ። ደስ አለኝ። ሰፈሩ በመጨረሻ ተቀበለን ብዬ አሰብኩ፤ እውነትም ተቀብሎናል። «ከደሴ ወሬ የለም?» ስለው ባሌ ዓይኔን እያየ «የለም፤ ደህና ናቸው» ይለኛል። ሌላ ሰው ቢሆን እጠረጥር ነበር። ወንድሜ ቢለኝ፣ እትዬ ቢሉኝ፣ ቃላቸውን አገላብጬ አየው ነበር፤ እኔም ያደግሁት እዚሁ አይደል? ይኼ ሰውዬ ግን ጨው በዝቷል ያለ ሰው ነው። በዓለም ላይ ቃሉን ሳልመረምር የምቀበለው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ክርስትና እንደተነሳች ለጉዞ መዘጋጀት ጀመርኩ። ሽሮ ሜዳ ሄጄ ለአባቴ ጋቢ ገዛሁ፤ ባሌ አብሮኝ ነበር፤ ጥለቱ የትኛው ያምራል ብዬ ሳማክረው አንዱን መረጠልኝ። ለጉዞ የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ቀበሌ ስሄድ ጸሐፊው ማኅተም ያዡ የለም፣ ሰኞ ነይ፣ ሐሙስ ነይ እያለ አመላለሰኝ። ስመለስ ባሌ ፊት ቢሮክራሲውን እረግማለሁ። እሱም «ይገርማል» ይለኛል። ለካ ጸሐፊውም ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ የግቢው በር ተከፈተ። ልጄን እያጠባሁ ነበር። ብዙ ኮቴ ሰማሁ፤ የሚነጋገር ድምፅ ግን የለም። ያገሬ ሰው ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ጋሼ ገቡ፤ እትዬ ገቡ፤ የእድሩ ሰዎች፣ የጎረቤት ሴቶች፣ ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። በመካከላቸው ወንድሜን አየሁት፤ ነገሩ ገባኝ። ባሌን በዓይኔ ፈለግሁት። አልጋው ላይ አጠገቤ አልነበረም። ከገቡት ሰዎች ጋር፣ ከጋሼ ኋላ፣ የተዋሰውን ነጠላ እንደነሱ ዘቅዝቆ ቆሟል። እትዬ ልጄን ከጡቴ ላይ ወሰዷት። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም፤ መጮኼን ነገሩኝ።

ድንኳን ተተከለ። ደጃችን በሰው ተሞላ። ባሌ በር ላይ ቆሞ ሰው እየተቀበለ ያስተናግዳል፤ ሽማግሌ ሲገባ ይነሳል፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲሉት አንገቱን ሰብሮ አሜን ይላል። ሴቶቹ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ እያሉ «ባልሽ ወርቅ ነው፤ ያን ሁሉ ወር በሆዱ ይዞ አንቺን አተረፈ፤ ከኛ ልጅ ምን ይለያል?» ይሉኛል። ይህን ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። በተባለልኝ ጊዜ ግን እንደ እሬት መረረኝ።

ሰው የቀለለ ጊዜ ጓዳ ጠራሁትና በሱ ቋንቋ «እንዴት ቻልክ?» አልኩት። እሱ በአማርኛ መለሰልኝ። «መጀመሪያ አልቻልኩም ነበር። ሌሊት ወደ ግቢ ወጥቼ አለቅስ ነበር። በኋላ ለመድኩት» አለኝ።

«ያን ሁሉ ማታ ጉልበቴን ስትስም?»

«አንቺ ደስ ይልሽ ነበር» አለ።

ተናደድኩ፤ የምናደድበትን ግን አጣሁት። ለቀብሩማ ቢነግረኝም አልደርስም ነበር፤ አባቴ የተቀበረው ወሬው አዲስ አበባ ሳይገባ ነው። ሌላ ሴት በኔ ቦታ ብትሆን እኔ ራሴ አትንገሯት ካሉት አንዷ እሆን ነበር። ደግሞም አባቴ በእነዚያ ወራት ለኔ በሕይወት ኖሯል፤ ጋቢ ገዝቼለታለሁ፤ ለልጄ ስም እንዲያወጣላት ብዬ ከክርስትና ስሟ ሌላ የመጠሪያ ስሟን ባዶ አቆይቼለታለሁ። ይህን የሰጠኝ ባሌ ነው። በዚያው ደግሞ የወሰደብኝ አለ። አባቴን ማንም ሊመልስልኝ አይችልም፤ እሱን ተቀበልኩ። ዓይኑን አይቼ የማምነው ሰው ግን ከዚያ ጠዋት ወዲህ አልነበረኝም። «ደህና ነኝ» ሲለኝ እንደ ማንኛችንም «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ሆነ፤ እውነት ይሁን አይሁን ፊቱን መመርመር ጀመርኩ። አገሬን ልመድልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ለመደልኝ።

ውሉ ሲያልቅ አልሄደም፤ አሳደሰው። ዓመታት አለፉ፤ ልጃችን ትምህርት ቤት ገባች፤ ከማሳው ላይ ቤቶች ይበቅሉ ጀመር፤ እኛም ስልክ አስገባን። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እትዬ እኔ ዘንድ ተቀምጠው ጎመን እየቀነጠሱ ስልኩ ጮኸ። የባሌ እህት ናት፤ እናታቸው ጠዋት ሞታለች። ስልኩን ስዘጋ እትዬ ቋንቋውን ባይሰሙም ፊቴን አይተው ጎመኑን አስቀመጡ።

«ማን ነው?»

«እናቱ።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። «በይ እንዳትነግሪው» አሉኝ። «ሲመጣ ደህና አድርጎ ራቱን ይብላ፤ ይተኛ። እኔ ለሰው ልንገር፤ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን።»

«አይሆንም እትዬ፤ አሁኑኑ ነው የምነግረው» አልኳቸው።

«ብቻሽን? ተይ፣ ነውር ነው ልጄ።»

ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ። ለቀብር እንደማይደርስ አውቃለሁ። በአገሩ የእናቱ ፎቶግራፍ እስካሁን በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የሠፈሩ ሰው እያነበበው ያልፋል፤ ልጇ እዚህ ቦሌ ምንም ሳያውቅ ሊውል አይገባም አልኩ። ለኔ ያልተደረገልኝን አደርግለታለሁ፤ በሰዓቱ፣ ፊት ለፊት፣ እንደ አገሩ ሰው እነግረዋለሁ። መንገዱን በሙሉ ይህን እያልኩ፣ ልክ ነኝ እያልኩ ሄድኩ።

መጋዘኑ በር ላይ አስጠራሁት። ሰማያዊ ቱታውን እንደለበሰ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ስላየኝ ደስ ብሎት ወጣ። በሱ ቋንቋ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ «እናትህ ሞታለች፤ ዛሬ ጠዋት ነው» አልኩት።

አላለቀሰም። ጨርቁን እንደያዘ ፊቴን አየ። ቀጥሎ ከትከሻዬ በላይ፣ ወደመጣሁበት መንገድ ተመለከተ። እኔም ዞር አልኩ፤ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

«ሰዎቹስ?» አለኝ፣ በአማርኛ።